ክብደቱን ትንሽ ስንነካው አሸናፊው ይለዋወጣል፤ ታዲያ የቱን እንመን?

ጥያቄ፦ ከታላቅ ወንድሜና ከታናሽ እህቴ ጋር ገንዘብ አዋጥተን እዚሁ ጎንደር ዳቦ ቤት ልንከፍት ተነስተናል። ፒያሳ፣ ማራኪና አዘዞ የሚከራዩ ቤቶች አይተናል። እህቴ ዩኒቨርሲቲ በተማረችው መንገድ አራት መመዘኛዎች አውጥተን ለገበያ 40፣ ለኪራይ 30፣ ለውሃና መብራት 20፣ ለቤታችን ቅርበት 10 ከመቶ ሰጠን። ለእያንዳንዱ ቦታ ከ10 ነጥብ ሰጥተን በክብደቱ አባዝተን ስንደምር ፒያሳ 6.3፣ ማራኪ 6.2፣ አዘዞ 5.9 አመጡ። ወንድሜ የፒያሳውን ቤት ቀብድ ሊከፍል ሲል እህቴ የገበያውን ክብደት ወደ 35 ብታወርደው ማራኪ አንደኛ ወጣ፤ ወደ 25 ስታወርደው ደግሞ አዘዞ። ወንድሜም «እንዲህ ከሆነማ ዕጣ ብንጥል ይሻል ነበር» ብሎ ተቆጣ። እውነት ልፋታችን ከንቱ ነው? በዚህ መሐል አራዳም አንድ ቤት ተገኝቷል፤ እሱን ሰንጠረዡ ውስጥ ብናስገባውስ ምን ይሆናል? የሰጠናቸውን ነጥቦች በሙሉ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ።
ጠያቂዋ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እህትዎ ሥራውን አላበላሹትም፤ ብዙዎች ድምሩ እንደወጣ እርሳስ አስቀምጠው የሚተዉትን ሁለተኛውን አጋማሽ ነው የጀመሩት። ወንድምዎም ቢሆኑ የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰንጠረዥ የሠራ ሰው መልስ ይጠብቃል፣ ለእሳቸው ግን በአንድ ምሽት ሦስት መልስ ቀረበላቸው። ይሁን እንጂ ዕጣ የማይነግራችሁን አንድ ነገር ይህ ሰንጠረዥ ይነግራችኋል፤ ይኸውም ውሳኔያችሁ በየትኛው ግምት ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ቀብዱ ለጥቂት ጊዜ ይቆይና የላኩልኝን ቁጥሮች አብረን እንያቸው።

በመመዘኛዎቹ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ገበያ፣ ኪራይ፣ ውሃና መብራት፣ ቅርበት ብለን ስንሄድ፣ ለፒያሳ 9፣ 3፣ 6፣ 6፤ ለማራኪ 7፣ 5፣ 5፣ 9፤ ለአዘዞ 5፣ 9፣ 5፣ 2 ሰጥታችኋል። ኪራይ ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ማለት ርካሽ ማለት እንደሆነ ተረድቻለሁ። ድምሩን ደግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ስሕተት የለበትም።

እህትዎ ክብደቱን አንዴ 35፣ አንዴ 25 እያደረጉ ሞክረዋል። ከዚህ የተሻለው መንገድ አሸናፊው የሚቀየርበትን ትክክለኛ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው። የገበያውን ክብደት ብቻ ከፍና ዝቅ እያደረግን የቀሩት ሦስቱ በመካከላቸው ያለውን የ3 ለ2 ለ1 ምጣኔ ይዘው እንዲቆዩ ብናደርግ፣ የእያንዳንዱ ቦታ ድምር በቀጥተኛ መስመር ይጓዛል፤ ገበያ በከበደ ቁጥር ፒያሳ ፈጥኖ ይወጣል፣ ማራኪ በዝግታ ይወጣል፣ አዘዞ ደግሞ ይወርዳል። መስመሮቹ የሚቋረጡበትን ነጥብ ስናሰላ የገበያው ክብደት ከ37 ከመቶ ግድም በላይ እስከሆነ ድረስ ፒያሳ ይመራል፤ ከ37 እስከ 29 ባለው መካከል ማራኪ ይመራል፤ ከ29 በታች አዘዞ ይመራል። የእናንተ 40 ከመጀመሪያው ድንበር የሚርቀው በ3 ነጥብ ብቻ ነው። ለገበያ 40 ስትሰጡ 37 ያልሰጣችሁበትን ምክንያት ማስረዳት የሚችል ሰው ከሦስታችሁ መካከል ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን አልችልም። እንዲህ ከሆነ የ6.3 እና የ6.2 ልዩነት ፒያሳ ከማራኪ ይበልጣል የሚያሰኝ አይደለም፤ ሁለቱን መለየት አልቻልንም የሚያሰኝ ነው።

ይህንኑ ስሌት በቀሩት መመዘኛዎች ላይም ሠርቼዋለሁ። የኪራይ ክብደት ከ30 ተነስቶ 33 ሲያልፍ ማራኪ ይቀድማል፤ 35 ሲያልፍ ግን ወዲያውኑ አዘዞ ይነጥቀዋል። ውሃና መብራት እስከ 11 ካልወረደ በስተቀር ፒያሳን ከቦታው አያነቃንቀውም፤ ከ20 ወደ ላይ የቱንም ያህል ቢወጣ ለውጥ አያመጣም። ሦስታችሁም እንደ ትንሽ ነገር ቆጥራችሁ 10 ብቻ የሰጣችሁት ቅርበት ግን 13 ሲደርስ ማራኪን አንደኛ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ሰው ስለ ትልቁ መመዘኛ ሲከራከር ይውልና ትንሹን ማንም ሳይመረምረው ያልፋል፤ እዚህ ላይ ግን ከመቶ በሚቆጠረው ነጥብ ስንለካ በጥቂቱ ንክኪ ውጤት የሚገለብጠው ትንሹ ነው። መለኪያውን ብንቀይር፣ ማለትም ከነበረበት በስንት እጅ ተለወጠ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ይለያል፤ ገበያ ከ40 ወደ 37 ሲወርድ የተለወጠው የራሱን 8 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ቅርበት ከ10 ወደ 13 ሲወጣ ግን ወደ ሲሶ የሚጠጋ ነው። ሁለቱም አቆጣጠሮች ትክክል ናቸው። በእኔ አስተያየት 40 ያለ ሰው በ3 ነጥብ መሳቱ ከቶ የማይቀር ስለሆነ ሥጋቱ ገበያው ላይ ይበረታል፤ ስለ ቅርበት ደግሞ ሌላ የሚያሳስበኝ ምክንያት አለ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚህ ሁሉ ሦስታችሁም ያላያችሁት የሚመስለኝ ነገር ይወጣል። ማራኪ በእናንተ ድምር አንደኛ አልወጣም፤ ነገር ግን የገበያው፣ የኪራዩም ሆነ የውሃና መብራቱ ክብደት ለየብቻው ቢለዋወጥ ሦስተኛ ሆኖ አያውቅም። ፒያሳና አዘዞ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ሲወረወሩ ማራኪ ወይ አንደኛ ነው ወይ ሁለተኛ። ወደ መጨረሻ የሚወርደው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ የቅርበት ክብደት ከ6 በታች ሲሆን። ቅርበትን ጨርሳችሁ ብታወጡት ፒያሳና አዘዞ እኩል 6.33 ይሆኑና ማራኪ 5.89 ላይ ይቀራል። እንግዲህ የማራኪ ጥንካሬ በሙሉ ቅርበት የሚባለው ነገር እውነተኛ መመዘኛ ነው ወይስ የምቾት ጉዳይ ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ዳቦ ቤት ባይሆን ኖሮ የምቾት ጉዳይ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ዳቦ ግን የሚቦካው ሌሊት ነው፤ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ለሚመጣ ደንበኛ ትኩስ ዳቦ ለማድረስ አንድ ሰው ቢያንስ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ምድጃው ዘንድ መገኘት አለበት። በዚያ ሰዓት ከማራኪ እስከ አዘዞ የሚያደርስ ባጃጅ ማግኘት እንዴት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጋጋሪ ቀጥራችሁ እዚያው የሚያድር ከሆነ ቅርበት 10ም ይበዛበታል፤ በየሌሊቱ የምትሄዱት እርስዎ ወይም እህትዎ ከሆናችሁ ደግሞ 10 ያንስበታል። ይህ በነጥብ የሚፈታ ክርክር አይደለም፤ ማን ይሄዳል የሚለውን ስትወስኑ ክብደቱ አብሮ ይወሰናል። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ከየትኛውም ጉዳይ በፊት የምጠይቀው ይህንን ነበር።

አሁን ከክብደቱ ወደ ነጥቡ እንሂድ፤ የሚፈተሸው ክብደት ብቻ አይደለምና። ለፒያሳ ገበያ 9 የሰጣችሁት በየትኛው ወቅት አይታችሁ ነው? ጥር 11 እና በዙሪያው ባሉት ቀናት ከፋሲለደስ መዋኛ እስከ ፒያሳ ያለውን ሕዝብ ያየ ሰው 9 ቀርቶ 10 ቢሰጥ አልፈርድበትም፤ ዳቦ ቤቱ ግን በሐምሌም ኪራይ ይከፍላል። ያ 9 ወደ 8.75 ቢወርድ ፒያሳና ማራኪ እኩል ይሆናሉ፤ ወደ 8 ቢወርድ ፒያሳ 5.9 ይሆንና ከአዘዞ ጋር ይተካከላል። የማራኪው 7 ደግሞ በተማሪ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በክረምት ሲዘጋ ደንበኛው አብሮ ይሄዳል። አዘዞ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ መሆኑና የባሕር ዳርና የመተማ መንገዶች የሚለያዩበት ቦታ መሆኑ የመንገደኛ ገበያ ይሰጠዋል፤ በእናንተ 5 ውስጥ ይህ መታሰብ አለመታሰቡን ግን ከደብዳቤው ማወቅ አልቻልኩም።

ስለዚህ በአንድ ነጥብ ፈንታ ዝቅተኛና ከፍተኛ ነጥብ ስጡ። ለምሳሌ ለፒያሳ ገበያ ከ7 እስከ 9፣ ለማራኪ ከ5 እስከ 7 ብትሉና ሁለቱም በዝቅተኛው ቢወጡ፣ ፒያሳ 5.5፣ ማራኪ 5.4 ሆነው አዘዞ በ5.9 ሁለቱንም ይቀድማል። የማራኪውን ነጥብ ብቻ ዝቅ ብናደርግ ፒያሳ እንደመራ ይቆያል፤ የፒያሳውን ብቻ ዝቅ ብናደርግ ማራኪ ይመራል፤ አዘዞ አንደኛ የሚሆነው ሁለቱ አንድ ላይ ሲወርዱ ነው። አንድ በአንድ እየነኩ መሞከር ጥሩ ጅምር ቢሆንም ግምቶች አብረው ሲስቱ የሚመጣውን የሚደብቀው በዚህ ምክንያት ነው። እህትዎ ኤክሴል የሚያውቁ ከሆነ ለእያንዳንዱ ክብደትና ነጥብ የተስማማችሁበትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አስገብተው በመካከሉ ያሉ ቁጥሮች በዘፈቀደ እንዲወጡ ያድርጉ፤ ክብደቶቹ ድምራቸው ሁልጊዜ 100 እንዲሆን እየተስተካከሉ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ቢደጋገም፣ እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ አንደኛ፣ ስንት ጊዜስ መጨረሻ እንደወጣ መቁጠር ይቻላል። ለወንድምዎ እንዲህ ያለው ቆጠራ ከ6.3 የበለጠ ትርጉም የሚሰጣቸው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ አለኝ። ወሰኖቹ ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ተጽፈው ይቀመጡ፤ ሦስታችሁም ለየብቻችሁ፣ የሌላውን ሳታዩ ጻፉ። ፍተሻ ማለት የምንወደው ቦታ አንደኛ እስኪወጣ ድረስ ክብደት መጎተት አይደለም፤ አሁን በቤታችሁ ያለው ጠብ ግማሹ እህትዎ 35 እና 25ን የመረጡት ማራኪና አዘዞን ለማስመረጥ ነው ከሚል ጥርጣሬ የመጣ ይመስለኛል። የሦስታችሁ ወሰን ምንም ያህል ቢራራቅ በሁሉም ላይ የሚመራው አንድ ቦታ ከሆነ መከራከር አያስፈልጋችሁም፤ የምትከራከሩት ልዩነታችሁ አሸናፊውን በሚቀይርበት መመዘኛ ላይ ብቻ ይሁን።

ክብደት አሰጣጣችሁ ላይም የምለው አለ። «ገበያ ይበልጣል ወይስ ኪራይ?» ተብሎ በደፈናው ሲጠየቅ ሁሉም ሰው ገበያ ይላል፤ ጥያቄው ግን መልስ የለውም፤ ምን ያህል ገበያ ከምን ያህል ኪራይ ጋር እንደሚነጻጸር አልተነገረምና። ይልቁንም በአራቱም መመዘኛ ከሦስቱ ቦታዎች ዝቅተኛውን የያዘ አንድ ቤት በሐሳባችሁ ውሰዱና፣ አንዱን ብቻ ወደ ከፍተኛው የማሻሻል ዕድል ቢሰጣችሁ የቱን እንደምትመርጡ ተጠያየቁ። መጀመሪያ የምትመርጡት ከባዱ ነው፤ የቀሩትን ከእሱ ጋር እያነጻጸራችሁ ክብደት ስጡ። በእናንተ ሰንጠረዥ ገበያ ከ5 እስከ 9፣ ኪራይ ከ3 እስከ 9 ሲራራቅ፣ ውሃና መብራት ግን ከ5 እስከ 6 ብቻ ነው። ክብደቱ ቢጨመርም ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ነው፤ ሦስቱን ቦታዎች እምብዛም አልለያችኋቸውም።

በእውነት አይለያዩም ወይ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ዳቦ ቤት የሚከፍት ሰው ፈረቃው በየትኛው ሰፈር በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ግቢው ውስጥ ሮቶ መኖር አለመኖሩን፣ ለምድጃው የሚሆን ስሪ ፌዝ መብራት መግባት አለመግባቱን ሳያጣራ 5 እና 6 መስጠቱ ትንሽ ደንቆኛል። የማራኪው ነጥብ ከ5 ወደ 6 ቢወጣ ብቻ ድምሩ 6.4 ሆኖ ፒያሳን ያልፋል። ይህ ደግሞ የሐሳብ ጉዳይ አይደለም፤ ጎረቤት ያለ ሻይ ቤት ገብቶ በመጠየቅ በአንድ ከሰዓት ይጣራል።

ገበያና ኪራይም ቢሆኑ በግምት መተው የለባቸውም። ቁጥሮቹን ልብ ብለው ካዩ ገበያው በበዛበት ኪራዩ ይወደዳል፣ ገበያው ባነሰበት ኪራዩ ይረክሳል፤ የፒያሳ ቤት አከራይም ገበያውን ያውቀዋል። ሁለቱ እየተጋፉ ያሉት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ተጨማሪው ገበያ ተጨማሪውን ኪራይ ይከፍላል ወይ? ይህ በብር ይሰላል። ለምሳሌ ያህል የፒያሳው ቤት ከአዘዞው በወር 15,000 ብር ቢበልጥና አንድ ዳቦ 1 ብር ቢያተርፍ፣ ፒያሳ ከአዘዞ ይልቅ በየቀኑ 500 ዳቦ አብልጦ መሸጥ አለበት፤ ያን ካላደረገ 9 ነጥቡ ትርጉም የለውም። የራሳችሁን ኪራይና ትርፍ አስገቡና ቁጥሩን አውጡ። ከዚያም በአንድ የሥራ ቀንና በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በየሰፈሩ ካሉት ዳቦ ቤቶች ፊት ለፊት ቆማችሁ ስንት ሰው እንደሚገባና ስንት ዳቦ ይዞ እንደሚወጣ ቁጠሩ። ወንድምዎ ፒያሳን አጥብቀው ስለሚወዱ የአዘዞውን ቆጠራ እሳቸው ቢይዙት፣ እህትዎም ፒያሳን ቢይዙ እመርጣለሁ።

እህትዎ ክብደቶቹን ጥንድ በጥንድ እያነጻጸሩ ማውጣት ሳያስቡ አይቀሩም፤ የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ሳቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው ከ1 እስከ 9 የሚደርሰው የጥንድ ማነጻጸሪያ መለኪያ በዩኒቨርሲቲ በስፋት ይሰጣልና። ዘዴው ፍርዳችሁ እርስ በርሱ መጣጣሙን ይመረምራል፤ ገበያ የውሃና መብራትን እጥፍ፣ ውሃና መብራት የቅርበትን እጥፍ ካለ፣ ገበያ የቅርበትን አራት እጥፍ ማለት አለበት፤ የእናንተ 40፣ 20 እና 10 ይህን አሟልተዋል። የመዛነፉ መጠን ከ0.10 ካልበለጠ ተቀባይነት አለው ይባላል። ነገር ግን የተጣጣመ ፍርድ ትክክለኛ ፍርድ ነው ማለት አይደለም፤ ክብደቱ በ3 ነጥብ ሲነካ አሸናፊው መቀየር አለመቀየሩንም አይናገርም።

ይህ ሁሉ ተጣርቶም ፒያሳና ማራኪ እንደተቀራረቡ ሊቆዩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሦስተኛ አሃዝ ከነጥብ በኋላ መጨመር አይጠቅማችሁም፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ያልገባውን ተመልከቱ፤ ይኸውም የተሳሳተው ምርጫ ሲታወቅ መውጫው ስንት እንደሚያስከፍል ነው። የአንድ ዓመት ኪራይ በቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይና በየሦስት ወሩ የሚቀበል አከራይ፣ ነጥባቸው እኩል ቢሆንም እኩል አይደሉም። ምድጃው ከተተከለ በኋላ መንቀሉም ወጪ አለው። ወንድምዎ ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ውሉን ከስድስት ወር በኋላ ማፍረስ ምን እንደሚያስቀጣ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የአራዳውን ቤት በተመለከተ፣ እናንተ ነጥብ የሰጣችሁት ከ10 ላይ በቋሚ መለኪያ ስለሆነ፣ አራተኛ ቦታ መግባቱ የሦስቱን ድምርም ሆነ የእርስ በርስ ቅደም ተከተላቸውን አይነካም። አንዳንድ ሰዎች ግን በየመመዘኛው ከቀረቡት ቦታዎች የተሻለውን 10 ያደርጉና ሌሎቹን ከእሱ አንጻር ያስተካክላሉ፤ ወይም የሁሉንም ነጥብ ድምር 1 እንዲሆን ያካፍላሉ። እንዲህ ስትሠሩ አዲስ ቦታ በገባ ቁጥር የነባሮቹ ነጥብ አብሮ ስለሚቀየር፣ አራዳ ራሱ ባያሸንፍ እንኳ ማራኪንና ፒያሳን ሊያገለባብጣቸው ይችላል። ስለዚህ በኪራይ 10 ማለት ስንት ብር፣ 1 ማለት ስንት ብር እንደሆነ፣ በገበያም እንዲሁ በቀን ስንት ዳቦ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉና አራዳን በዚያው መለኪያ አስገቡት።